ሜታዳታ የማን ትምህርት ነው?

አንድ የገብስ ናሙና ጂን ባንክ ገብቶ ለዓመታት ሲቀመጥ ከየት እንደመጣ ዘሩ ራሱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የአዲስ አበባው ጂን ባንክ ከናሙናው ጋር አብሮ የሚይዘው መዝገብ አለ፤ በሙያው ፓስፖርት ዳታ ይባላል። ዘሩ የተሰበሰበበት ቀንና ቦታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ገበሬው ዝርያውን የሚጠራበት ስም፣ የሰብሳቢው መለያ ቁጥር ይሰፍርበታል። መዝገቡ ቢጠፋም ዘሩ ይበቅላል። ዝናብ አጠር ከሆነ አካባቢ ይምጣ ውርጭ ከሚመታው ደጋ ግን የሚያውቅ አይኖርም፤ ለተመራማሪው ከገበያ ከተሸመተ እፍኝ ገብስ ብዙም አይሻልም። ሜታዳታ የሚባለው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው፦ አንድን መረጃ ወይም ዕቃ ለማግኘት፣ ለመረዳትና ለማመን የሚያስችል፣ ስለዚያው ነገር የተጻፈ መረጃ። በዩኒቨርሲቲ ግን ነገሩ በአብዛኛው የቤተ መጻሕፍትና የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። የግብርናው፣ የታሪኩ፣ የጤናው ተማሪ መረጃ መሰብሰብና መተንተን ተምሮ ይወጣል፤ የሰበሰበውን ለማያውቀው ሰው እንዲገባ አድርጎ መግለጽ ግን ማንም አያስተምረውም። መረጃ የሚሰበስብ ተማሪ ሁሉ ይህን ሊማር ይገባል፤ ያውም ትርጓሜ እየሸመደደ ሳይሆን በእጁ እየሠራ።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ብራና ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተፈጸመ ያሰፍሩ ነበር። አንዳንዶቹ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን ወንጌላዊውንም ይጨምራሉ። አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ ስለሚፈራረቁ ቁጥሩና ወንጌላዊው ካልተስማሙ አንዱ እንደተሳሳተ ወዲያው ይታወቃል፤ 2016 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር «2016 ዘመነ ማርቆስ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ መጠርጠር ነው። የዛሬ ፕሮግራመሮች በረጅም ቁጥር መጨረሻ የሚያስገቧት የማረጋገጫ አኃዝ ከዚህ የተለየ ሥራ የላትም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡና ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሲቀመጥም ካሜራው ገጹን ቀዳ እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አልተናገረም። ፊልሙን ለተመራማሪ የከፈቱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው እያነበቡ ያዘጋጇቸው ካታሎጎች ናቸው። ገድሉ የማን እንደሆነ፣ በባዶው ቅጠል ላይ የሰፈረው ማስታወሻ ስለምን እንደሚያወሳ የሚለይ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አሁን በእጃችን ያሉት ዲጂታል ቅጾች ግን የተሰፉት በሌላ አገር ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ደብሊን በተባለች ከተማ ከተደረገ ስብሰባ የተወለደው ደብሊን ኮር 15 መሠረታዊ መጠይቆች አሉት፤ ርእስ፣ ፈጣሪ፣ ቀን፣ ቋንቋ እያለ ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያከማቹበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌርም እሱን መነሻ ያደርጋል። አልማዝ ከበደ የምትባል ተማሪ እስክትሞላው ድረስ ሁሉም ቀላል ይመስላል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃታል፤ እሷ ደግሞ የላትም። «ከበደ» ብላ ብታስገባ ሥራዋ በአባቷ ስም ይመደባል፣ ሲጠቀስም በአባቷ ይጠቀሳል። ብትተወው ከብዙ አልማዞች ጋር ትደባለቃለች። የቀኑ ጣጣ ይብሳል። በአንድ የዝናብ ሠንጠረዥ አናት ላይ «ዓመት» ተብሎ ከሥሩ 1977 ቢጻፍ እኛ የ77ቱን ድርቅ እናስታውሳለን። ሠንጠረዡን ከዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መረጃ ጋር የሚያጣምረው ፕሮግራም ግን ከድርቁ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ስሕተቱ ድምፅ የለውም፤ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ግራፉም ያምራል። «የዘመን አቆጣጠር፦ ኢትዮጵያ» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። ፊደሉም የራሱ ጉዳይ አለው፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስላለው ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን የፈለገ ሁለቱን ያጣል።

እንዲህ ያለው ነገር በስላይድ ሲነገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከፈተናው ማግስት ይረሳል። የሚሻለው ተማሪዎቹ በቡድን ተከፍለው አንድ ዓይነት የፎቶግራፍና የሰነድ ክምችት እንዲገልጹ ማድረግ፣ ቀጥሎም አንዱ ቡድን በሌላው መግለጫ ብቻ ተመርቶ «ከ1966 በፊት የተነሣውን የገበያ ፎቶ አምጣ» መባል ነው። አንዱ «ገበያ»፣ ሌላው «ንግድ»፣ ሦስተኛው የከተማውን ስም ብቻ ጽፎ ይገኛል፤ የጋራ የቃላት ዝርዝር ለምን እንደሚያስፈልግ ክርክሩ ያስረዳል። አንድ የስልክ ፎቶ በቴሌግራም ሁለት ጊዜ መላክም ጥሩ ልምምድ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ የተነሣበት ሰዓትና ቦታ ከውስጡ ይራገፋል፣ እንደ ፋይል ሲላክ አብሮ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ማሽን ይሠራዋል የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነታቸውን ነው። የፋይሉን መጠን፣ ዓይነት፣ የተፈጠረበትን ሰዓት መመዝገብ ለኮምፒውተር ዕዳው ገብስ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ርእስና ቁልፍ ቃል ይጠቁማል። ነገር ግን ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው 1977 በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ ባዶው ሳጥን «አልተጠየቀም» ይሁን «መልስ የለም» የሚያውቀው ሜዳ ወርዶ የሰበሰበው ተማሪ ነው፤ እሱ ካልጻፈው ማሽኑ በግምት ይሞላዋል። ሥርዓተ ትምህርቱ ሞልቷል የሚለው ቅሬታም ተገቢ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ኮርስ መክፈቱን አልደግፍም። በምርምር ዘዴ ኮርስ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍም ሲቀርብ ዳታው ከነመግለጫው አብሮ ይገምገም። ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ዝርዝር በበዛ ቁጥር ሰው ይጋለጣል የሚለው ነው። ስሟን ያልሰጠች የኤችአይቪ ታካሚ ቃለ መጠይቁ በተደረገበት ቤት የጂፒኤስ ነጥብ ልትታወቅ ትችላለች። ይህን አይቶ ነጥቡን ወደ ወረዳ ስም ማስፋት፣ መስፋቱንና ምክንያቱንም በመግለጫው ላይ መጻፍ የሜታዳታ ሥራ ነው፤ ተማሪው ፋይሉን ለማንም ከመላኩ በፊት መወሰን ያለበትም እሱ ነው።