የቡና ጉድጓድ ስንት ስንዝር ይሁን?

ቡና ለመትከል የተዘጋጃችሁ ገበሬዎች ሆይ! ዶማችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ አንብቡ። ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጮክ ብሎ ያንብብለት።

ስለ ጉድጓድ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ? ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ያረፍኩበት ቤት አባወራ በበጋ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት፣ ደረቅ መሬት ሲቆፍሩ አይቼ «አባባ፣ ችግኙ ገና ክንድ አልሞላ፤ ይህን የሚያህል ጉድጓድ ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ወደ ጓሮ ወስደው አንድ የደረቀ የቡና እግር ነቅለው አሳዩኝ። ዋናው ሥር ወደ ታች መውረዱን ትቶ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። በችኮላ በጠባብ ጉድጓድ የተተከለ ነው። መጀመሪያ ለምልሞ ነበር አሉኝ፤ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ቢጫ ሆነ፤ በጋው ሲበረታ ደረቀ። ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን የሚሰጠው በሦስትና በአራት ዓመቱ ነውና ያን ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ገንዘብ አብሮ ቀረ።

በቆሎ ቢበላሽ በሚመጣው ዓመት ይዘራል። የቡና ጉድጓድ ግን ችግኙ ከገባበት በኋላ አይታረምም።

እንግዲህ መጠኑ ይህ ነው፦ ወርዱ 60፣ ርዝመቱ 60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር። ሜትር የሌለው ሦስት ስንዝር ይለካ። የሰው ስንዝር ስለሚለያይ ግን አንድ ዘንግ ቆርጣችሁ ሁሉንም በዚያው ለኩ። መሬቱ ጥልቅና ልል የጫካ አፈር ከሆነ ትንሽ ቢያንስም ያስኬዳል፤ በደከመና በጠነከረ መሬት ግን ከዚህ አታሳንሱ።

«በግማሽ ብቀንሰው ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ማባዛት የደረሳችሁ አስሉት። 60 በ60 በ60 ሲባዛ 216 ሊትር አፈር ይሆናል፤ ወደ 11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። 30 በ30 በ30 ግን 27 ሊትር ብቻ ነው። ጎኑን በግማሽ የቀነሰ ሰው ለሥሩ የተወለት ግማሹን ሳይሆን ከስምንት እጅ አንዱን እጅ ነው።

ቅርጹም ቀላል ነገር አይደለም። አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ አይሁን፤ ከላይ እስከ ታች እኩል ይውረድ፤ ዋናው ሥር የሚታጠፈው ታች ጥበት ሲያጋጥመው ነው። አራት ማዕዘን ቢሆን ይመረጣል። ጭቃነት ባለው መሬት ክብ ጉድጓድ ስትቆፍሩ አካፋው ግድግዳውን እንደ እንስራ ያለሰልሰዋል፤ ሥሩም ግድግዳውን መብሳት ትቶ ዙሪያውን ይዞራል። ስለዚህ ጎኑን በዶማ ጫሩት፤ ታቹንም በመቆፈሪያ ወጋ ወጋ አድርጉት።

ስትቆፍሩ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ቀይ አፈር ለብቻ ከምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ከተደባለቁ በኋላ የሚለያቸው የለም። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ ቀዩን በቁልቁለቱ በኩል ብታደርጉት ውሃ ይይዝላችኋል።

ጊዜውስ? ዝናቡ በሰኔና በሐምሌ በሚበረታበት አገር የካቲትና መጋቢት ላይ ቆፍራችሁ ክፍት ተዉት፤ ፀሐይና አየር ይግባው። ከመትከያው አንድ ወር ቀደም ብሎ ጥቁሩን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላልና ይቅርባችሁ። አፈሩ ከመሬት በላይ አንድ ጋት ከፍ ይበል፤ እየሰከነ ይወርዳልና። ልክ ከመሬት እኩል ከሞላችሁት ኋላ ጎድጉዶ ውሃ ያቁራል፤ ቡና ደግሞ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም አይወድም። መሃሉ ላይ ችካል ትከሉ።

ለዋልካ መሬት ግን ሌላ ብልሃት አለ፦ ባዶውን ጉድጓድ ውሃ ሙሉትና በማግስቱ እዩት። ውሃው ካልሰረገ ያ ቦታ የቡና አይደለም፤ ወይም መጀመሪያ ቦይ ይቀደድለት።

በጉድጓድና በጉድጓድ መካከል 2 ሜትር ተዉ፤ በሄክታር 2,500 እግር ይገባል። ይህ ጅማ አጠገብ ከመልኮ ምርምር ማዕከል ለወጡትና ቅርንጫፋቸው ለተሰበሰበው እንደ 74110 ላሉት ዝርያዎች ይስማማል፤ ቅርንጫፉ የሚንሰራፋው ከዚህ የሰፋ ይፈልጋል።

የመትከያው ቀን ችካሉን ነቅላችሁ በላስቲኩ ልክ ብቻ ቆፍሩ። ከላስቲኩ ግርጌ አንድ ጣት ያህል ከነተጠመዘዘው ሥር በስለት ቆርጣችሁ ጣሉ፤ የቀረውን ላስቲክም ቀዳችሁ አውጡ፤ ከነላስቲኩ የሚተክል አጋጥሞኛል! የችግኙ አንገት ከመሬት እኩል ይሁን። ዙሪያውን በእጃችሁ ጠቅጠቅ አድርጉና ሣር ጎዝጉዙለት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፣ አንድ ጋት ይራቅ።