በሐይቅ ዳር የሚነገር ትንሽ ቋንቋ

አንድ ማታ በውርጌሳ፣ ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ‹‹እስቲ ልጆቼ፣ ሰው ይሞታል፤ ከብትም ይሞታል። ቋንቋስ ይሞታል እንዴ?›› ሲሉ ጠየቁን። የክፍሉ ሰው ሳቀ። እኛ አስተማሪዎቹ ግን ዝም አልን። ወደ ውርጌሳ ከመምጣታችን በፊት ያየነው አገር ትዝ ብሎን ነበር። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚህ ጽፈነዋል።

የዝዋይ ሐይቅ

ከውርጌሳ ተነስቶ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሐይቅን ያያል። ስለዚህ ሐይቅ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እኛ ያየነው ሐይቅ ግን ከዚህኛው እጅግ ይሰፋል። ዝዋይ ይባላል፤ ደምበልም ይሉታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦሮሚያ ይገኛል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አራቱን ጥማድ አንድ ሄክታር ብለን ብናስብ፣ ከ160 ሺህ ጥማድ ይበልጣል ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። የመቂና የከታር ወንዞች ይገቡበታል፤ የቡልቡላ ወንዝ ይወጣበታል። በውስጡም አምስት ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው።

እኛ ከባቱ ከተማ በሞተር ጀልባ ተሳፍረን ወደ ትልቁ ደሴት ሄድን። ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ከመካከላችን ሁለቱ ዋና ስለማይችሉ የጀልባውን ጠርዝ ይዘው አልለቅ አሉ። ጀልባ ነጂው ግን፣ ‹‹አይዟችሁ፣ ጉማሬው እንኳ ዛሬ ተኝቷል›› እያለ ያሾፍብን ነበር።

የደሴቱ ሰዎች

ደሴቱ ሁለት ስም አለው። በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደግሞ ደብረ ጽዮን ነው። የሚኖሩበት ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ሸማኔዎችና ገበሬዎች ናቸው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ በድንጋይ እርከን ሠርተው ያርሱታል። እርከኑን ስናይ የወሎ ተራራ ትዝ አለን። አፈር እንዳይሄድ መታገል የእናንተ ብቻ ሥራ አይደለም።

በደሴቱ ያለችው የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን የቆዩ የብራና መጻሕፍት አሏት። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍቱን ይዘው ሸሹ፤ እዚህ ደሴት ላይ ሸሸጉ፤ አገር ሲረጋ ታቦቱ ተመለሰ። ሰዎቹ ይህን ታሪክ ዛሬም በኩራት ይናገራሉ።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በብራናው ላይ የተጻፈው በግዕዝ ነው። ሕዝቡ በቤቱ፣ በእርሻውና በታንኳው ላይ የሚነጋገረው በዛይኛ ነው። ያ መጽሐፍ ያን ያህል ዘመን ሲጠበቅ፣ የቤቱ ቋንቋ በቃል ብቻ ነው የኖረው።

ዛይኛ የአማርኛ ሩቅ ዘመድ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ስልጤኛና ሐረሪ ናቸው። ሲነጋገሩ ሰምተን ምንም አልገባንም። ሲቆጥሩ ግን አንዳንዱ ቁጥር የእኛን ይመስላል። ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ ናቸው።

በውኃው ዳር የሰማነው

ልንመለስ ስንል፣ ከአሸዋው ዳር ውኃ የሚቀዱ አንዲት እናት አገኘን። የልጅ ልጃቸው በውኃው ጫፍ ይጫወታል። እናትዮዋ በዛይኛ ጠሩት። ልጁ በኦሮምኛ መለሰላቸው። ደግመው በዛይኛ ተናገሩት። እሱም ደግሞ በኦሮምኛ መለሰ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ፣ ‹‹ይሰማል፤ መናገሩን ግን ትቶታል›› አሉን። ጥቂት ቆይተውም፣ ‹‹አሁን ከእኔ ይሰማል። እኔ ስሄድ ከማን ይሰማል?›› አሉ።

እኛ የምንመልሰው አጣን።

ቋንቋ እንዴት ይቀንሳል?

ልጁን የከለከለው የለም። የገረፈውም የለም። ታዲያ ለምን ተወው? ምክንያቶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ድሮ ውኃው እንደ አጥር ነበር። ደሴተኛው ከደሴተኛው ጋር ይውል ስለነበር ቋንቋው አልተነካም። ዛሬ ብዙዎቹ መሬትና ሥራ ፍለጋ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተዋል።

ሁለተኛ፣ ገበያውም ጋብቻውም ከጎረቤት ጋር ነው። ጎረቤቱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። በዛይኛ የሚጻፍ ነገር ለብዙ ዘመን አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ ነበር። የዛይኛ ዘመድ ስልጤኛ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ዛይኛ ግን አልነበረበትም።

የጎረቤትን ቋንቋ ማወቅ ጥፋት አይደለም። ጥቅም ነው። ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አብሮ ይማራል፤ አእምሮው አይጠብበትም። ጉዳቱ የሚመጣው አዲሱ ሲገባ የቤቱ ሲወጣ ነው።

በእኛው አገር፣ በጣና ዳር የሚኖሩ ነገደ ወይጦ የተባሉ ሰዎች አሉ። በደንገል ታንኳቸው የታወቁ ናቸው። ድሮ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የድሮው ቋንቋ ሳይጻፍ ስለጠፋ፣ ምን ይመስል እንደነበር፣ የየትኛው ቋንቋ ዘመድ እንደሆነ፣ ተመራማሪ እንኳ ሊያውቅ አልቻለም።

ከወሎም ምሳሌ አለ። ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ የሚሉትን ስሞች ታውቃላችሁ። ‹‹ወረ›› በኦሮምኛ ቤተሰብ ወይም ወገን ማለት ነው። በእነዚህ ቦታዎች ዛሬ ብዙው ሰው አማርኛ ይናገራል። የቆየው ቋንቋ ግን በቦታው ስም ላይ ተቀምጧል።

የአየርላንዱ ዓሣ አስጋሪ

ይህ ነገር በሩቅ አገርም ደርሷል። አየርላንድ በአውሮፓ ምዕራብ ዳር ያለች ደሴት ናት። ሕዝቧ የራሱ ቋንቋ ነበረው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ መጣና ረሃብ ሆነ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። ረሃብ ምን እንደሚያደርግ ለወሎ ሰው አይነገርም። የ1966ቱንና የ1977ቱን የሚያስታውስ ያውቀዋል። በአየርላንድም ክፉኛ የተጎዱት የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩት ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። የተረፉትም ልጆቻቸው ተሰደው እንጀራ እንዲያገኙ ብለው በእንግሊዝኛ ያሳድጓቸው ጀመር። ቋንቋው እየተገፋ በባሕሩ ዳር መንደሮች ቀረ።

ከእነዚህ መንደሮች ፊት ለፊት ብላስኬት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነጭ አሸዋ ያለው የባሕር ዳርቻ አላት። ሰዎቿ ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከእነሱ አንዱ ቶማስ ኦክሪሃን የተባለ ዓሣ አስጋሪና ገበሬ ነው። በልጅነቱ በትምህርት ቤት የተማረው በእንግሊዝኛ ነበር። የእናቱን ቋንቋ ማንበብና መጻፍ የተማረው ዓርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በኋላ የደሴቱን ሕይወት፣ ዓሣ ማስገሩን፣ የሞቱበትን ልጆች፣ የጎረቤቱን ቀልድ በራሱ ቋንቋ ጻፈ። ‹‹ደሴተኛው›› የተባለው መጽሐፉ በ1929 ታተመ። እሱ በ1937 ሞተ። በ1953 የደሴቲቱ የመጨረሻዎቹ 22 ሰዎች ኑሮው ስለከበዳቸው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ዛሬ ደሴቲቱ ቋሚ ነዋሪ የላትም። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይህን ሰው ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ እናንተ እጁ ሥራ የለመደ፣ ፊደልን ጎልምሶ የያዘ ሰው ስለሆነ ነው።

ለጠየቁን አባት

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው። አዎ፣ ቋንቋ ይሞታል። የሚሞተውም ተናጋሪው ሁሉ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። አያት ተናግራ ልጅ በሌላ ሲመልስ ሞቱ ተጀምሯል። የሚያድነው ሁለት ነገር ነው፤ ለልጅ መናገርና መጻፍ። መናገሩ ይቀድማል። መጽሐፍ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

የእናንተ አማርኛ አይጠፋም። ብዙ ሕዝብ ይናገረዋል። ነገር ግን በውስጡ የሚጠፋ አለ። የሽማግሌዎች ምርቃት፣ የምንጭና የኮረብታ ስም፣ የመድኃኒት ዕፅ ስም፣ የድሮ ዘር ስም፣ ካልተጻፈ ከሰው ጋር ይቀበራል።

ይህን ስንናገር እኚያው አባት ደብተራቸውን ገልጠው፣ ‹‹እንግዲያስ አባቴ ይዘራው የነበረውን የማሽላ ስም ልጻፍ›› አሉ። ደጋሊት፣ ጅጉርቲ ብለው ጀመሩ። ሦስተኛውን አላስታወሱትም። ጎረቤታቸውን ጠየቁ፤ እሱም አላወቀውም። ‹‹ነገ እህቴን እጠይቃለሁ። እሷ ታላቄ ናት›› ብለው ለስሙ ቦታ ትተው ደብተራቸውን ዘጉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የዛይ ቋንቋ ተናጋሪዎች ያነሱባቸውን ሦስት ምክንያቶች ተናገሩ።
2. በቀበሌያችሁ ትርጉሙ የተረሳ የቦታ ስም አለ? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ።
3. ለልጆቻችሁ እንዲደርስ የምትፈልጉትን አንድ ምርቃት ወይም ተረት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።