ስለ ወርቅና ብር አንጥረኝነት ትምህርት አመራረጥ

ለእጅ ሙያ ትምህርት የሚከፈል ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከቤተሰብ ቁጠባ የሚወጣ ነው። በወርቅና በብር ሥራ ደግሞ የጉዳዩ ክብደት ከተማሪው አልፎ ወርቅ ቤት ከፍቶ ለሚነግደውና ጌጡን ለሚገዛው ይደርሳል። ባልሠለጠነ እጅ የቀለጠ የሽቦ ጌጥ፣ ሳይመዘን የጠፋ ብናኝ፣ ከተነገረው ካራት በታች ሆኖ የተገኘ ቀለበት ኪሣራነቱ የሦስቱም ነውና። ስለዚህ ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ያሰበ ወጣትም ሆነ ሠራተኛውን ልኮ ለማስተማር የፈለገ ነጋዴ፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወደ ሥራው ቤት ገብቶ ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በኢትዮጵያ አንጥረኝነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው። አንጥረኞች 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር እያቀለጡ መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውንና የጠጉር ወስፌውን ይሠሩ ነበር፤ የዚያ ገንዘብ ብር ከሺህ 833 እጅ ያህል ጥራት ያለው ስለ ነበረ ለጌጥ ሥራ የተመቸ ነበር። ሙያው ጌጥ ለመኳንንትና ለቤተ ክርስቲያን እያቀረበ ባለሙያው ግን ሲናቅ የኖረ በመሆኑ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በአባት ቤት የሚማር ልጅ ወናፍ በመንፋት ሲጀምር፣ ጊዜው ሁሉ በእሳት አጠገብ ያልፋል። የዛሬው የክፍል ትምህርት ከዚህ የሚያንሰው በዚሁ ላይ ነውና የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እሳት ሊሆን ይገባዋል።

ብር በመዶሻ ሲመታ እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ በየመካከሉ እሳት አስነክቶ ማለዘብ ያስፈልጋል፤ የሚበቃውም ሙቀት የሚታወቀው ብረቱ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ ነው። ይህ ቅላት በፀሐይ ብርሃን አይታይም። እንግዲህ መበየጃው እሳት ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተተክሎ ቢገኝ፣ መምህሩ ይህን ነገር አላሰበበትም ማለት ነው። በብየዳም ጊዜ እንዲሁ ነው። ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ይቀልጣል፤ መዳብ የተቀላቀለበት ብር ከዚያ ቀደም ብሎ መቅለጥ ይጀምራል፤ መበየጃው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ሊፈስ ይገባዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ በተለይም እንደ ክር በቀጠነ ሽቦ በሚሠራ ጌጥ ላይ እጅ ለጥቂት ሴኮንድ ቢዘገይ የብዙ ቀን ድካም ተጠቅልሎ ጠብታ ይሆናል። ይህን ዐይን እንጂ መጽሐፍ አያስተምረውም።

ስለዚህ ለትምህርቱ ኀላፊ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ትምህርቱ ስንት ወር ይፈጃል የሚለው ብቻ አይደለም፤ በአንድ የብየዳ እሳት ስንት ተማሪ ይሠራበታል የሚለው ነው። አንድ መቶ ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ሃያ ተማሪዎችን በአንድ እሳት ዙሪያ ቢያስቀምጥ፣ እሳቱ ከጧት እስከ ማታ ሳይጠፋ ቢውል እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አምስት ሰዓት ነው። አራት እሳትና ስምንት ተማሪ ያለው የአርባ ሰዓት ትምህርት ለአንዱ ሃያ ሰዓት ስለሚያደርስ ከዚያኛው በብዙ ይበልጣል፤ ዋጋውም የሚመዘነው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ማዕድኑ ነው። ተማሪ በመዳብ ጀምሮ ወደ ብር ሊያልፍ፣ ወርቅን በመጨረሻ ሊነካ ይገባል። መዳብ ርካሽ ከመሆኑም በላይ እንደ ብር ሙቀትን በቶሎ የሚያሰራጭ ስለ ሆነ እጅን ያለ ብዙ ኪሣራ ያስተምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ወርቅ ይሠራል ብሎ የሚያስተዋውቅ ትምህርት ያጋጠመው ሰው፣ የሚበላሸው ወርቅ በማን ሒሳብ እንደሚታሰብ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወርቅ ቤቶች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ግን የመመዘን ልማድ ነው። ደኅና መምህር ለተማሪው የሚሰጠውን መዳብ እንኳ በሚዛን ሰጥቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን፣ ቁራጩንና በሞረድ የወጣውን ብናኝ በሚዛን ይረከባል። ከዚህ ጋር የካራት ሒሳብ ይመጣል። ሠላሳ ግራም ንጹሕ ወርቅ ላይ አሥር ግራም ቅይጥ ሲጨመርበት አርባ ግራም የ18 ካራት ወርቅ ይወጣል፤ ይኸውም ከሺህ 750 እጅ መሆኑ ነው። የ21 ካራቱ ከሺህ 875 ነው። በ21 ካራት ጌጥ ላይ ጥራቱ ዝቅ ያለ መበየጃ በብዛት ቢፈስ የጠቅላላው ዕቃ ጥራት ይወርዳል፤ ገዢውም ከዓመታት በኋላ ሊሸጠው ባቀለጠው ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል፤ ስሙ የሚነሣው ግን የአንጥረኛው ሳይሆን የሸጠው ነጋዴ ነው። ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ የማያሠራ ትምህርት ጎደሎ ነው።

የጤናም ነገር አለ። በአንዳንድ መበየጃ ውስጥ ካድሚየም የሚባል ማዕድን ይገባል፤ በ767 ዲግሪ ወደ ትነት ስለሚለወጥ በብየዳ ጊዜ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚታወቀው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ካድሚየምን በጌጣጌጥም በመበየጃም ውስጥ ከልክሏል። መምህሩ የመበየጃውን ዓይነት ሲጠየቅ ካላወቀ፣ ወይም ጢሱ የሚወጣበት መንገድ ከሌለ፣ ትምህርቱን መተው ይሻላል።

ፈርጥ ማስገባትን ለመማር ያሰበ ደግሞ የወሎን ኦፓል ሊያስብ ይገባዋል። ይህ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣ ድንጋይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ውኃ ይመጥጣል፤ ሲመጥጥም መልኩና ክብደቱ ይለወጣል፤ ድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ብየዳውም፣ በአሲድ ማጥራቱም ካለቀ በኋላ በመጨረሻ የሚገባ ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ስለ አልማዝ ብቻ የሚያስተምር ክፍል ለዚህ አገር ገበያ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት ለቅጥር ይረዳል፤ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ትምህርቱን ከጨረሱት ተማሪዎች የአንዱን ሥራ ጠይቆ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ከወረቀቱ ይበልጥ ያስረዳል፤ ፊቱ በማለስለሻ ያብረቀርቃል፣ የብየዳው ጉድለት ግን በጀርባ በኩል ይታያል። ከተቻለም አንድ ቀለበት ቆርጦ፣ አሳንሶና በይዶ እንዲመልስ ቢደረግ ችሎታው በፊት ለፊት ይገለጣል።

ሠራተኛውን በራሱ ገንዘብ የሚያስተምር ነጋዴ ከትምህርቱ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ቢዋዋል ይበጃል። አንደኛው ሠራተኛው ከትምህርት በኋላ ከልምድ ያለው አንጥረኛ ጎን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ሁለተኛው በልምምዱ ጊዜ የሚሰበሰበው የብርና የወርቅ ብናኝ የማን እንደሚሆን ነው።