በአርባና በሰማንያ ቀን የተቀበልነው እምነት
ከሐዲያዋ ንግሥት ከእሌኒ ሕይወት የሚገኝ ምክር

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሆሳዕና ከተማ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ምእመናን ዘንባባ ይዘው ጌታን ከሚያመሰግኑበት በዓል ነው። የቃሉም ትርጓሜ «እባክህ አድነን» ማለት ነውና፥ ስሟን የሚጠራ ሁሉ፥ ገበያተኛም ቢሆን መንገደኛ፥ ሳያስበው አጭር ጸሎት ያደርሳል። ሳያስቡ የሚደርስ ጸሎት ግን ልብን አያሞቅም።

በዚህች ከተማና በአካባቢዋ፥ እንደዚሁም በከምባታ በዱራሜ፥ በአንጋጫና በሺንሺቾ የሚኖሩ የተዋሕዶ ቤተ ሰቦች በቁጥር ጥቂቶች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በሐዲያ ዞን ከ100 ሰው 75 ያህሉ ፕሮቴስታንት፥ 11 ያህሉ ሙስሊም፥ 8 ያህሉ ኦርቶዶክሳዊ ነበር። ልጆቻችን ከጎረቤት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ፥ በአንድ ሜዳ ይጫወታሉ። አንድ ቀንም ጓደኛቸው በቅን ልብ «አንተ ያመንኸው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። በ40 ቀኑ የተጠመቀው ልጅ ያን ቀን አያስታውሰውምና ያፍራል። ወደ ቤቱ ገብቶ አባቱን ሲጠይቅ፥ አባትም «ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው» ብሎ ዝም ያሰኘዋል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። የተቀበልነውን ምን አደረግንበት? የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷልና።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከዚሁ ከሐዲያ ምድር እናገኛለን። ንግሥት እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤት የገቡት በዘመኑ ልማድ፥ ሁለቱን አገሮች ለማስተሳሰር በተደረገ ጋብቻ ነው። ከእስላም ቤት የተወለዱት ልዕልት ወደ ክርስትና የመጡበት መንገድ የነገሥታት ስምምነት እንጂ የራሳቸው ፍለጋ አልነበረም። በሕፃንነታቸው ሳይጠየቁ እንደ ተጠመቁት ልጆቻችን ሁሉ፥ እርሳቸውም እምነቱን ከሌላ እጅ ተቀበሉት።

ይሁን እንጂ የተቀበሉትን እንደ ተቀበሉት አላስቀመጡትም። የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ስለ እሌኒ ሲመሰክር፥ በእግዚአብሔር ፊት በጸሎትና ሥጋ ወደሙን በመቀበል የጸኑ፥ በቤታቸውም ማዕድን የሚያሰናዱ፥ ሕግን የሚያውቁና ምክርን የሚሰጡ እንደ ነበሩ ይናገራል። ንጉሡም እንደ እናቱ ያከብራቸው ነበር። ከዚያም አልፈው በጎጃም የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ በነገሠ ጊዜም፥ በእርጅናቸው የመንግሥቱን ሸክም ተሸክመዋል።

እንግዲህ የዜና መዋዕሉን ምስክርነት ልብ እንበል። ጸሎት፥ ቁርባን፥ ማዕድ፥ የሕግ ዕውቀት፥ ምክር፤ ከእነዚህ መካከል በእኛ ቤት ሊገኝ የማይችል አንድ እንኳ የለም። ንግሥት ለመሆን ግድ አይልም።

ጸሎቱን ከጠዋቱ እንጀምር። አባትና እናት ልጆቻቸውን አሰልፈው ጥቂት ጊዜ በፊቱ ቢቆሙ፥ ልጁ እምነትን በዓይኑ ያያል። ቁርባንን በተመለከተ ግን እኛ ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። ሕፃናትን አቅፈን እናቆርባለን፤ ሽማግሌዎችም በመጨረሻ ዘመናቸው ይቆርባሉ፤ በመካከል ያለው ጎልማሳ ግን በመቅደሱ ደጅ ቆሞ ይመለሳል። ወደ እግዚአብሔር መቅረብን የሚሻ ሰው የመጀመሪያ እርምጃው ወደ ንስሓ አባቱ ቤት መሄድ ነው። ማዕዳችንም የጾሙን ቀን የሚያውቅ፥ ለተራበ የሚቆረስ ይሁን። ሕጉንና ምክሩን በተመለከተ፥ ልጅ ለሚጠይቀው ጥያቄ ወላጅ ይማር፤ የማያውቀውንም ከካህኑ ጠይቆ ይመልስ እንጂ አይቆጣ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሱባዔ አይፈጸምም። የሐዲያና የከምባታ ገበሬ የእንሰትን ጠባይ ያውቃል። ችግኙ ከእናቱ ሥር ተነሥቶ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል፤ ቆጮ ሆኖ ለገበታ እስኪቀርብም ዓመታት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት ፍሬ አጣሁበት ብሎ የሚነቅለው ገበሬ የለም። እኛም በጸሎታችን ጣዕም ብናጣ፥ ልጃችንም ቢያመነታ፥ ተስፋ ቆርጠን ልንተወው አይገባንም።

በቤት የጠነከረ እምነት ደግሞ ከደጅ ይወጣል። መውጣቱም ከጎረቤት ጋር በክርክር ለመሸናነፍ አይደለም። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ጎረቤታችን ሲታመም እንጠይቀው፥ ሲያዝን አብረነው እንቀመጥ፥ በሚዛናችንና በቃላችን የታመንን እንሁን። ልጁ «መቼ አመንህ?» ተብሎ ሲጠየቅም፥ «በ40 ቀኔ ተቀበልሁ፤ ዛሬም ጠዋት አምኜ ተነሣሁ» ብሎ በትሕትና ይመልስ።

በሆሳዕና ዕለት ዘንባባ ይዞ የዘመረው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ በዓርብ በመስቀሉ ሥር የተገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። በመካከሉ ያለው አምስት ቀን ብቻ ነው። በጣታችን ያሰርነው የዘንባባ ቀለበት እስከ ዓርብ ድረስ የምንጸና መሆናችንን ያስታውሰን። የሆሳዕና ከተማ ልጆችም፥ ስሟን በጠራን ቁጥር በእውነት «አድነን» የምንል ሁላችንም፥ የተቀበልነውን እምነት የራሳችን እናደርገው ዘንድ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። አሜን።