ኤችአይቪ በመልክ አይለካም፤ ቁጥራችሁን ጠይቁ

«ወፈረ፣ ድኗል ማለት ነው።» «ከሳች፣ እሷማ አለቀላት።» እዚህ ስደት አገር በለቅሶውም በሰርጉም ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። በሽታው የት እንደደረሰ የሚናገረው መልክ ሳይሆን ደም ነው።

ሐኪሞች በዋናነት የሚያዩት ሁለት ቁጥር ነው። አንዱ ሲዲፎር ነው፤ ቫይረሱ ከሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ስንት እንደቀሩ ይናገራል። ከ200 በታች ከወረደ የኤድስ ደረጃ ላይ ተደርሷል ይባላል። ሁለተኛው ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሜለርስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ይህ መጠን በሽታው ምን ያህል እንደሚፈጥን ቀድሞ እንደሚጠቁም አሳይተዋል። ባለሙያዎች በባቡር ይመስሉታል፦ ቫይራል ሎድ ፍጥነቱ፣ ሲዲፎር ደግሞ እስከ አደጋው ቦታ የቀረው መንገድ ነው።

የእኛን ሰው በቀጥታ የሚመለከትም አለ። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ጥናት ፕሮጀክት በ1990ዎቹ ባካሄደው ምርምር፣ ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን እንኳ ከሆላንዶች ያነሰ ሲዲፎር እንዳላቸው ታይቷል። ስለዚህ አንድ ውጤት አይቶ ተስፋ መቁረጥ ልክ አይደለም፤ ቁጥሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መከታተል ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሲዲፎሬ ጨምሯል፣ ኪኒኑን ትንሽ ልረፍበት» የሚለው ወሬ ነው። ይሄ ተሞክሯል። ስማርት በተባለውና ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሲዲፎርን እያዩ መድኃኒት ማቋረጥ በሽታንና ሞትን ስለጨመረ እ.ኤ.አ. በ2006 ሙከራው ቆመ። እንዲያውም ከ2015 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፣ ሲዲፎሩ ስንትም ይሁን ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኃኒት እንዲጀምር ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ በማይታይ ደረጃ የቆየ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅን ሰው ለምን ይደበቃል? በዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ምርመራው ከሥራ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ውጤቱ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። አውሮፓና አሜሪካ ያለነው ግን ክሊኒኩ ደጃችን ላይ እያለ የምንፈራው ማንን ነው? እርስ በርሳችንን ነው። የአገሩ ሰው እንዳያየው ብሎ ቀጠሮውን የሚተው አለ። ይህን የፈጠረው የእኛ ሐሜት ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀጠሮ ስትሄዱ «ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ» በሚል ብቻ አትመለሱ። «ቫይራል ሎዴ ስንት ነው? ካለፈውስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ የአገር ልጅ እንዲሆን ካልፈለጋችሁም ተናገሩ፤ አያሳፍርም። እኛ የቀረነው ደግሞ የሰውን ኪሎ በዓይናችን መመዘኑን እንተው።