ስልክ፣ ኪቦርድና ቃለ ጉባኤ

ስብሰባ ላይ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚነካካ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያምን ሰብሳቢ እስካሁን አላጋጠመኝም። ወይ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ወይ ኳስ እያየ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። የእኔ እንጀራ ደግሞ ስብሰባ ነው። ዐውደ ጥናትና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ፣ ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር ያሉ የሆቴል አዳራሾችን ከነምሳቸው አውቃቸዋለሁ። ለዓመታት ላፕቶፕ ተሸክሜ ስዞር ኖሬ፣ አሁን አብዛኛውን የአዳራሽ ሥራዬን የምጨርሰው በስልኬና የእጅ ቦርሳ ውስጥ በምትገባ አንዲት ገመድ አልባ ኪቦርድ ነው።

ላፕቶፑን እቤት ያስቀረኝ መጀመሪያ ክብደቱ ሳይሆን ሶኬት ነው። አዳራሽ ውስጥ ያለችውን ሶኬት ፕሮጀክተሩ ይይዛታል፤ ማከፋፈያ ከመጣ የመድረኩ ድምፅ ማጉያ ይቀድማል፤ የተረፈውን ስልኩ የሞተበት ተሰብሳቢ ይሻማል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዞ እንዲህ ያለ አዳራሽ መግባት፣ መብራት ሲጠፋ ከሰብሳቢው እኩል መደንገጥ ነው። ብሉቱዝ ኪቦርድ የራሱ ባትሪ አለው፤ ከስልኩ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ነው። ስልኩ ቢደክም ፓወር ባንክ ይደርስለታል።

ይህ ሁሉ ግን የትርፍ ትርፍ ነው። ዋናው ጥቅም ዓይን ነው። በስክሪን ላይ በአውራ ጣት ስንጽፍ ዓይናችን ከመስታወቱ መነሳት አይችልም፤ ስክሪኑ ላይ ያለ ፊደል ጎድጎድ አይልም፣ ጣት ዳብሶ አያገኘውም። ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ላይ ግን ጣት ቦታውን ያውቃል። ኤፍ እና ጄ የተባሉት ቁልፎች ላይ ያለችው ትንሽ እብጠት የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ አመልካች ጣቶች እዚያ ካረፉ የቀሩት ቦታቸውን ያገኛሉ። ያን ጊዜ ዓይን ተናጋሪውን ለማየት ነፃ ይሆናል። ቃለ ጉባኤ መያዝ ደግሞ ከመጻፍ ይልቅ ወደ መስማት ያደላል፤ ሰውን በደንብ የሚሰማው ፊቱን የሚያይ ነው።

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሆነውን ላንሳ። የትርፍ ክፍፍል ውሳኔ ድምፅ ተሰጥቶበት ሊታለፍ ሲል፣ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት ተነሡ። ስለ ገንዘቡና ስለ ኦዲቱ ተናገሩና «የእኔ ልዩነት በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አሉ። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «ተመዝግቧል አባባ፣ ይቀመጡ» አላቸው። ሽማግሌው አልተቀመጡም። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ምን ብለሽ ጻፍሽው?» አሉኝ። አነበብኩላቸው፦ «አንድ አባል የትርፍ ክፍፍሉን ሳይሆን የኦዲት ሪፖርቱ ሳይነበብ ድምፅ መሰጠቱን ተቃውመዋል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ነው፤ ገንዘቡን አልጠላሁም» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን የኦዲት ሪፖርቱን አስነበበ። ሽማግሌው ሲናገሩ አንገቴን ደፍቼ ፊደል ስፈልግ ቢሆን ኖሮ «አንድ አባል የትርፍ ክፍፍሉን ተቃውመዋል» ብዬ ማለፌ ነበር። «ገንዘቡን» ሲሉ እጃቸውን ማወዛወዛቸውን፣ «ኦዲቱን» ሲሉ ጣታቸውን ወደ መድረኩ መቀሰራቸውን ስላየሁ ነው ልዩነቱ የገባኝ። የድምፅ መቅጃ ሁሉንም ይይዛል ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን ጣት የተቀሰረበትን አይነግረንም። ሦስት ሰዓት የተቀዳውን እንደገና ማዳመጥም ሌላ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥቅም ቦታ ነው። የስክሪን ኪቦርድ ሲከፈት የስልኩን መስኮት ግማሽ ያህል ይወስዳል፤ ለጽሑፉ የሚተርፈው ጥቂት መስመር ነው። የውጭ ኪቦርድ ሲገናኝ ያ ሰሌዳ ይጠፋና ገጹ በሙሉ ይከፈታል። አጀንዳውን ከላይ፣ የምጽፈውን ከታች አያለሁ። ኮንትሮልን ከሲ እና ከቪ ጋር መትቶ መቅዳትና መለጠፍ፣ ሺፍት ይዞ በቀስት መምረጥ በአብዛኛው ስልክ ላይም እንደ ኮምፒውተር ይሠራል። በጣት ጫፍ ጠቋሚዋን በሁለት ፊደላት መካከል ለማስቀመጥ የታገለ ሰው የቀስት ቁልፍን ዋጋ ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር፣ ወደ አማርኛው እንግባ። ብዙ ሰው ኪቦርዱን ገዝቶ፣ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ፣ አማርኛ ለመጻፍ ሲሞክር የላቲን ፊደል ይወጣበታል። ስክሪኑ ላይ አማርኛ እያለ እዚህ ለምን እምቢ አለ ብሎ ዕቃውን ይረግማል። ዕቃው ግን ጥፋት የለበትም። ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ ይህ ቁልፍ ተመታ የሚል የቁጥር ምልክት ብቻ ነው የሚልከው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚቀይረው ስልኩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ ቁልፉ ላይ የታተመው ጽሑፍ ለስልኩ ምኑም አይደለም። እኅቴ ከጂዳ ስትመጣ ያመጣችልኝ ኪቦርድ ላይ ዐረብኛ ታትሞበታል፤ አማርኛ እጽፍበታለሁ፣ አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች እየተገረሙ።

የሚያስፈልገው የውጭ ኪቦርድን ምት ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚቀይር የአማርኛ ኪቦርድ መተግበሪያ ነው፤ ሁሉም ይህን አይችልም። አንድሮይድ ላይ ምርጫው ሰፋ ይላል። አይፎን ላይ ግን ከመደብሩ የሚጫኑት የኪቦርድ መተግበሪያዎች ለስክሪን ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ የውጭውን ቁልፍ አይሰሙም፤ እዚያ መሞከር ያለበት ስልኩ ራሱ ይዞት የመጣው ነው።

አጻጻፉ ራሱ አይከብድም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት መንገዱን ጠርጎታል፤ ዛሬ በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ የምንጽፍባቸው ብዙዎቹ ስልቶች የእሱ ዘመዶች ናቸው። ኤስ ሲመታ «ስ» ይወጣል፣ ኢ ሲከተለው ያው «ስ» ወደ «ሰ» ይለወጣል። «ሰላም» በአምስት ምት ያልቃል። ሺፍት ተይዞ ቲ ሲመታ «ጥ»፣ ኤን ሲመታ «ኝ» ይሆናል። እኔ በምጠቀመው ስልት ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ መምታት አራት ነጥብ ያወጣል።

ይህን ስጽፍ የአማርኛ ታይፕራይተር የሠሩትን ኢንጂነር አያና ብሩን አስታውሳለሁ። ሰባቱ ቤቶች ተደምረው ከ230 የሚበልጡትን ፊደላት በታይፕራይተር ጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስፈር የፊደሉን አካልና የድምፅ ምልክቱን ለያይተው እንዲመቱ አደረጉ። መላው በሠራ ቁጥር የፊደሉ መልክ ትንሽ ይጎዳ ነበር፤ የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኛ ዛሬ ሁለት ቁልፍ መትተን አንድ ሙሉ ፊደል ስናወጣ መልኩ ሳይጎድል ይወጣል፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ስልክ ላይ የጻፍነው የሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይም ያው ሆኖ ይነበባል። በተቃራኒው፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ የድሮ አጀንዳ በቴሌግራም ሲላክልኝ ስልኬ ላይ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ነው የሚከፈተው። አዘጋጆችን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩልኝ የምለው ለዚህ ነው።

የስም ነገርም አለ። የተገኙ አባላት ዝርዝር ላይ የሰው ስም ባለቤቱ በሚጽፈው ፊደል መጻፍ አለበት። በንጉሡ «ሠ» የሚጽፈውን በእሳቱ «ሰ» ከጻፍኩት፣ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ የመጀመሪያው እጅ የሚነሣው በዚያ ነው። ስለዚህ አንድ መተግበሪያ ከመምረጤ በፊት ሁለቱን «ሰ»፣ ሁለቱን «ጸ»፣ ሦስቱን «ሀ» በቀላሉ ያወጣልኝ እንደሆነ አያለሁ።

ጥቂት የአዳራሽ ምክር ልጨምር። ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጎ ብሉቱዙን ብቻ መልሶ መክፈት ይቻላል፤ ያኔ በውሳኔ መሐል ስልክ አይደወልም፣ መልእክት አይዘልም። ጭን ላይ ለመጻፍ ታጣፊ ኪቦርድ አይመችም፤ መሐሉ ላይ ይጎብጣል፤ ደረቅ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ቀጭን ቁልፍ ያለው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁልፉ ወፍራም የሆነው ግን ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ይንጫጫል፣ ተናጋሪውም ይረበሻል። ስልኩን የሚያቆም ትንሽ መደገፊያም ያስፈልጋል፤ የውኃ ጠርሙስ ላይ የተደገፈ ስልክ አስተናጋጁ ጠርሙሱን እስኪያነሣ ድረስ ብቻ ነው የሚቆመው።

ስለ ደኅንነትም ልናገር፤ የሰው ምስጢር እየጻፍን ነውና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ማርክ ኒውሊን የተባለ ተመራማሪ፣ በብሉቱዝ ርቀት ውስጥ ያለ ሰው ባለቤቱ ሳይፈቅድ ራሱን ኪቦርድ አስመስሎ ከስልክ ጋር መገናኘትና ትእዛዝ መጻፍ የሚችልበትን ክፍተት ይፋ አድርጓል። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ያሉት ማስተካከያ ወጥቶላቸዋል፤ አንድሮይድ 10ና ከዚያ በታች ያሉት ግን አልተሠራላቸውም። የስልኩን ሶፍትዌር ማደስ፣ የማይታደስ ከሆነም ሥራ ሲያልቅ ብሉቱዙን መዝጋት ተገቢ ነው። በትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ የሚሠሩት ገመድ አልባ ኪቦርዶች የተለዩ ናቸው፤ ስልክ ላይ ለመሰካት ኦቲጂ መቀየሪያ ይፈልጋሉ፣ ከርካሾቹ መካከልም የሚመታውን ሳይመሰጥሩ የሚልኩ ተገኝተዋል። ለቃለ ጉባኤ አልመክራቸውም።

ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በስልክና በኪቦርድ ረቂቅ ይጻፋል እንጂ ሰነድ አያልቅም። ብዙ ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ፣ በማኅበሩ አርማ የሚወጣ የመጨረሻ ቅጂ፣ የሦስት ሰዎች እርማት ያለበት ሪፖርት ሰፊ ስክሪን ይፈልጋሉ። እኔ ማታ እቤት ገብቼ ረቂቁን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አስተካክለዋለሁ። ጠዋት የተነገረው ግን በተነገረበት ሰዓትና ቃል ተይዟል፤ የቀረው ማሳመር ነው።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ ወይም ብዙ የምትጽፉ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች ለመግዛት ብታስቡ፣ መርካቶም ሆነ ቦሌ ስትሄዱ የምትጽፉበትን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ፤ አማርኛውን ቀድማችሁ ጫኑበት። ሻጩ ፊት ኪቦርዱን አገናኙና የአባታችሁን ስም በትክክለኛው ፊደሉ፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገርንም እስከ አራት ነጥቡ ጻፉ። ከወጣ ግዙት፤ ካልወጣ «ቤት ስትደርሱ ይሠራል» የሚለውን ቃል አትመኑ፣ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።