የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ እጀታ ለምን ይላቀቃል? የሙጫ ጉድለት መለያና ማረሚያ ዘዴ

መግቢያ

በሐይቆቻችን አብዛኛው ዓሣ የሚያዘው በመረብ ቢሆንም በመንጠቆና በዘንግ የሚያጠምዱም አሉ። ከነዚህም ዘንጋቸውን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ይገኛሉ። ዘንጉ ቀርከሃ ወይም ከተሰበረ የፋብሪካ ዘንግ የተረፈ ፋይበር ግላስ ሲሆን፣ እጀታው ከዋንዛ፣ ከወይራ ወይም ከቡሽ ይበጃል። እንዲህ ያለው ዘንግ ወጪው አነስተኛ ነው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚታየው እጀታው ላይ ነው። አምባዛ መንጠቆውን ውጦ ወደ ጥልቁ ሲጎትት እጀታው በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ተላቆ ይወጣል። ያን ጊዜ ዘንጉም፣ ክሩም፣ ዓሣውም አብረው ይሄዳሉ። አጥማጁም «ሙጫው የማይረባ ነው» ብሎ ሌላ ይገዛል፤ ሳይቆይ ያው ችግር ይደገማል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የፈለግነው፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በሙጫው ሳይሆን በአሠራሩ መሆኑንና የተላቀቀው እጀታ ራሱ ምክንያቱን የሚናገር መሆኑን ነው።

1. የተላቀቀውን እጀታ መመርመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ የተላቀቀውን እጀታ ፍቆ እንደገና ከመለጠፍ በፊት በብርሃን ማየት ያስፈልጋል። የሚከተሉት ምልክቶች ምክንያቱን ያሳያሉ።

ሀ. ሙጫው በሙሉ እጀታው ውስጥ ቀርቶ ዘንጉ ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ፣ ሙጫው ዘንጉን አልያዘውም ማለት ነው። ዘንጉ ቅባት ነበረበት ወይም አልተፋቀም።

ለ. ሙጫው በሁለቱም ወገን ተከፍሎ ከቀረ፣ በጣም ወፍሮ ነበር ወይም በደንብ ሳይጠነክር ሥራ ላይ ውሏል።

ሐ. ሙጫው በጥፍር ሲነካ የሚለጠፍ ወይም እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ከሆነ፣ የሁለቱ ፈሳሾች መጠን ተዛብቷል ወይም በሚገባ አልተዋሐዱም።

መ. እዚህም እዚያም ሙጫ ያልነካው ባዶ ቦታ ከታየ፣ ሙጫው አንሷል ወይም ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ እጀታው ሲገባ ተገፍቶ ወጥቷል።

ሠ. የእንጨቱ ወይም የቡሹ ጭረት ተገንጥሎ ዘንጉ ላይ ከቀረ፣ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ የደከመው እንጨቱ ነው። ስለዚህ ሙጫ መለወጥ አያስፈልግም፤ ጠንካራ እንጨት መምረጥ ይበቃል።

2. ለሥራው የሚስማማውን ሙጫ መምረጥ

አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ለቤት ውስጥ ዕቃ መልካም ነው። ነገር ግን ተራው ዓይነት ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል። ከዚህም በላይ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንጨቱ ሲሰርግ በመሆኑ፣ ውኃ በማይመጠው ፋይበር ግላስ ላይ ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ቶሎ ይይዛል፤ ሆኖም ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሆነ እጀታው በፀሐይ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ይዞራል። ለዚህ ሥራ የምንመክረው ከሁለት ፈሳሾች የሚዋሐደውን ኢፖክሲ ነው። እሱም ውኃ ይችላል፤ ትንሽ ክፍተትም ይሞላል። በአምስት ደቂቃ የሚይዘው ዓይነት እጀታውን ለማስተካከል ጊዜ ስለማይሰጥ፣ ቀስ ብሎ የሚጠነክረው ይሻላል።

3. የሚለጠፉትን ገጾች ማዘጋጀት

የቀርከሃ ውጫዊ ቆዳ ለስላሳና ሰም መሰል ስለሆነ ሙጫ አይዝም። እጀታው በሚያርፍበት ቦታ ብቻ በቢላዋ ይፋቅና በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር። የቆላ ቀርከሃ በአብዛኛው ድፍን ሲሆን የደጋው ውስጡ ክፍት ነው። ክፍት የሆነው ውኃ እንዳይገባበት ጫፉ በእንጨት ውታፍ ይደፈን። ቀርከሃውም ሆነ የእጀታው እንጨት በጥላ ሥር በሚገባ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ከተለጠፈ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና ከሙጫው ይለያል።

ፋይበር ግላስ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ ይሻከራል። እንደ ወይራና ጽድ ያሉ ቅባት ያላቸው እንጨቶች ሙጫ ከመቀባታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በአልኮል ይጠረጉ፤ ብዙ ሰዓት ከቆዩ ቅባቱ ተመልሶ ይወጣል።

የዘንጉን ንጽሕና ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በተሻከረው ፋይበር ግላስ ላይ ጥቂት ውኃ ይንጠብጠብበት። ውኃው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ከሆነ ቅባት አለ፤ ተዘርግቶ ካረጠበው ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ በሚገባ ይድረቅ፤ በእጅም አይነካ።

4. የቀዳዳው ልክ

ሙጫ ከመቀባቱ በፊት እጀታው በደረቁ ይሞከር። በመዶሻ ካልተመታ የማይገባ ከሆነ ጠባብ ነው፤ ሙጫውን ጠርጎ ያወጣዋል። የሚንገዳገድ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ነው። ጠባቡ በክብ ሞረድ ይሰፋል። ለሰፊው ዘንጉ ላይ የጥጥ ክር በየቦታው እየተጠመጠመ ይሞላል፤ ሆኖም ሙጫው በክሩ መካከል እንዲያልፍ ክፍት ቦታ ይተው። ቀዳዳው ማዶ ያልዘለቀ ከሆነ የታመቀ አየር እጀታውን መልሶ ይገፋዋል። ለአየሩ መውጫ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ አንድ ቀጭን ቦይ መቅረጽ ያስፈልጋል።

5. ኢፖክሲን መለካትና ማዋሐድ

ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ ማጠንከሪያውን ማብዛት ጥቅም የለውም። ትርፉ ፈሳሽ የሚዋሐደው ስለማያገኝ ሙጫው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። መጠኑ በዕቃው ላይ እንደተጻፈው በየራሱ ማንኪያ ይለካ፤ የአንዱ 1 ለ 1 ሲሆን የሌላው ይለያል። ቢያንስ ለሁለት ደቂቃ፣ የዕቃው ጠርዝና ሥር እየተፋቀ ይማሰል።

ሙቀት የሙጫውን ፍጥነት ይለውጣል። ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ በሆነው በጫሞ ዳር ቶሎ የሚይዝ ሙጫ፣ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ዳር በማለዳ ብርድ ብዙ ይዘገያል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ተራው ኢፖክሲ በሚገባ ላይጠነክር ስለሚችል ሥራው ረፋድ ላይ ይሠራ። በተቃራኒው በቆላ ሙጫው በጠባብ ዕቃ ውስጥ ከተከማቸ ራሱን አግሎ በድንገት ይጠነክራል፤ ስለዚህ በጠፍጣፋ ቆርቆሮ ላይ ይዘርጋ።

ሙጫው በዘንጉም በቀዳዳውም በስሱ ይቀባ፤ እጀታው እየተሽከረከረ ይግባ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ታስሮ ለ24 ሰዓት አይነካ። ወደ ሐይቅ ከመወሰዱ በፊት አንድ ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል።

እኛም አንድ ጊዜ ቸኩለን በማግሥቱ የሞከርነው የዋንዛ እጀታ በመጀመሪያው ጉተታ ዞሮብናል። ስንከፍተው ሙጫው በሁለቱም ወገን ተከፍሎ ነበር፤ ከላይ በ«ለ» የገለጽነው ምልክት ማለት ነው።

6. የማለስለስና የማጠናቀቅ ችግሮች

ከመጋጠሚያው የወጣው ሙጫ ሳይጠነክር በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። በቡሽ ቀለበቶች መካከል የቀረ ሙጫ ከቡሹ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፣ ሲፋቅ ቡሹ ይጎደጉድና የሙጫው መሥመር እንደ ቀለበት ጎልቶ እጅ ያሳምማል። ይህ እንዳይሆን ሙጫው ከጠርዙ ራቅ ብሎ በስሱ ይቀባ፤ የብርጭቆ ወረቀቱም በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይፈግ።

የጠነከረ ኢፖክሲ ላይ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ከታየ በውኃና በጨርቅ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይፋቅ። ይህ ካልተደረገ ወረቀቱ ይደፈናል፤ በላዩ የሚቀባው ቫርኒሽም ይላጣል። ጨርሶ ያልጠነከረ ሙጫ ግን በላዩ ሌላ ቢቀባ አይድንም። ተፍቆና በአልኮል ተጠርጎ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

7. ማሳሰቢያ

ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ በተደጋጋሚ የነካው ሰው ለዘለቄታው ሊያሳክከው ይችላል። ጓንት ይደረግ፤ የነካ እጅ በአልኮል ሳይሆን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ፋይበር ግላስ ሲፋቅ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። አልኮል ከከሰል ምድጃ ይራቅ። ለሙጫ ያገለገለ ማንኪያና ዕቃ ለምግብ አይመለስ፤ ትራፊውም ወደ ሐይቅ አይጣል።

ማጠቃለያ

እጀታ ሲላቀቅ አስቀድሞ ሙጫው የት እንደቀረ ይታይ፤ ከዚያም ምክንያቱ ብቻ ይታረም። ደረቅ እንጨት፣ የተሻከረና የተጠረገ ገጽ፣ ትክክለኛ ልክና መጠን፣ እንዲሁም ትዕግሥት ካሉ፣ አንድ እጀታ ዘንጉ እስኪያረጅ ድረስ ያገለግላል።